ምክር ብቻውን ቤትን አይጠብቅም

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይበረታል። «በአጎበር ተኙ» ብሎ መምከር ለእኛ ቀላል ነው። ነገር ግን ወደ ቤት ስንገባ አጎበሩን እንደ ታጠፈ ከጥግ እናገኘዋለን፤ እናቲቱ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ደክማ ተመልሳለች። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ረዳት ማጣት ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሴቶች ባለሙያዎችን ቤት ለቤት የሚልከውም ቤተ ሰብ ከቃል ይልቅ በተግባር ስለሚማር ነው።

ስለዚህ ባል አጎበሩን ይስቀል፤ ጎረቤት ውኃ ይቅዳ፤ ሕፃን ቢያተኩሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። ወባ ወደ አንጎል ከወጣ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላልና፣ እናቲቱ ለብቻዋ አትተው።