ብርዱ ከየት ይመጣል? በኦስሎ ደን ድንኳን ተክሎ የማደር ሳይንስ

ከኦስሎ መሐል ከተማ ወደ ደን የሚያደርሱ ሁለት የምድር ባቡር መስመሮች አሉ። አንደኛው ሶግንስቫን በተባለው ሐይቅ ዳር ያበቃል፤ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 183 ሜትር ነው። ሁለተኛው ቁልቁለቱን እየተጠማዘዘ ወጥቶ ፍሮግነርሴተረን በተባለው የመጨረሻ ጣቢያ፣ 469 ሜትር ላይ ይቆማል። ቀን ላይ የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት ማንም ተማሪ እንደሚገምተው ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ላይኛው ጣቢያ ከታችኛው በ2 ዲግሪ ገደማ ይበርዳል። ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጥና ሐይቁ ዳር ያደረው ሰው ተራራው ላይ ካደረው ይልቅ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ይህ ግልብጦሽ የአየር ጠባይ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም። በኖርዌይ ዋና ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የለመዱትን የደን ኑሮ ተከትለው ድንኳን መግዛት ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚገጥማቸው ጥያቄ የት እንትከል የሚለው ነውና።

መልሱን የሚሰጥ ጥበቃም ሆነ አስጎብኚ የለም። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የኖርዌይ የደጅ ሕይወት ሕግ ማንኛውም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ፣ መሬቱ የግል ይሁን የመንግሥት፣ ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ እንዲንቀሳቀስና እንዲያድር መብት ይሰጣል። ድንኳኑ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከመንደር ርቆ ካልሆነ በቀርም የመሬቱን ባለቤት ሳያስፈቅዱ በአንድ ቦታ ከሁለት ሌሊት በላይ መቆየት አይቻልም። ከኦስሎ በስተሰሜን የተዘረጋው ኖርድማርካ ብቻውን 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀ ሌላ ሕግ ደግሞ ከተማዋ ወደ ደኑ እንዳትስፋፋ ወሰን አበጅቷል። ዋናው የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ምንጭ የሆነው ማሪዳልስቫን ሐይቅ ለብቻው ጥብቅ ነው፤ መዋኘትም ሆነ ዳርቻው ላይ ድንኳን መትከል አይፈቀድም።

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያድር መንገደኛ ሁኔታው ይለያል። እዚያ መግቢያ ይከፈላል፣ የታጠቀ ጠባቂ አብሮ ይጓዛል፣ የሚታደርባቸውም ሰፈሮች አስቀድሞ የታወቁ ናቸው፦ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጭነቅ። ቦታውን አገሩን የሚያውቅ ሰው መርጦለታል። በኦስሎ ደን ግን ነጻነቱ ከነኃላፊነቱ የዳሪው ነው።

አዲስ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ውኃው ዳር ያለች ለስላሳ፣ ሣር የለበሰች፣ ዙሪያዋ ገላጣ የሆነች ሜዳ። ለምሳ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ለአዳር ሲሆን ግን በአካባቢው ካለው ሁሉ ቀዝቃዛው መሆኑ አይቀርም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። መሬትም፣ ሣርም፣ የድንኳን ጣራም ቀን የተቀበሉትን ሙቀት ሌሊት በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ወደ ላይ ይለቃሉ። ሰማዩ ደመና ካለው ደመናው አብዛኛውን ይመልሰዋል። ጥርት ያለ ሰማይ ግን ከመሬት አጠገብ ካለው አየር በ20 ዲግሪ ገደማ እንደቀዘቀዘ ጣራ ሆኖ ይሠራል፤ የሚወስደው ብዙ፣ የሚመልሰው ጥቂት ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ የተተከለ ድንኳን ለዚህ ቀዝቃዛ ጣራ ፊቱን ሰጥቶ ስለሚያድር ሸራው ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዝና ጠል ይቋጥራል። ጠዋት ከላይ የሚንጠባጠበው ውኃ አንዳንዶች እንደሚያስቡት ሸራው ዝናብ ስላስገባ የመጣ ላይሆን ይችላል። ከፊሉ ከውጭ የተቋጠረው ጠል ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የተኙት ሰዎች ሌሊቱን በሙሉ የተነፈሱት እርጥበት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቀዝቃዛ አየር ከባድ መሆኑ ነው። በተዳፋት ላይ የቀዘቀዘው አየር እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ በጎድጓዳ ቦታ ይጠራቀማል፤ ሌሊቱ በገፋ ቁጥርም ኩሬው ከፍ ይላል። የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ይህን ከመጻሕፍት አልተማረም። በጥቅምትና በኅዳር ጥርት ያለ ሌሊት ውርጭ ቀድሞ የሚመታው የረባዳውን ማሳ እንጂ የተዳፋቱን እንዳልሆነ ያውቃል። ከ3,200 ሜትር ገደማ በላይ ያለውን ምድር ከቆላ፣ ከወይና ደጋና ከደጋ ለይቶ «ውርጭ» ብሎ የሰየመውም ይኸው ዕውቀት ነው።

ሸለቆው እየጠለቀ ሲሄድ ይህ ፍሰት እየገነነ ይሄዳል። ከኦስሎ ወደ ሰሜን በአልቭዳልና በሬንዳለን መካከል፣ ፓይን በለበሰ ከፍተኛ ምድር ላይ፣ ጁቱልሆገት የሚባል ገደል አለ። ርዝመቱ 2.4 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 240 ሜትር ይደርሳል። የአገሩ ተረት አንድ ግዙፍ ፍጡር የግሎማን ወንዝ ወደ ጎረቤት ሸለቆ ለመጥለፍ በመጥረቢያ የቆረጠው ነው ይላል። ሳይንሱ ደግሞ በበረዶ ዘመን ማብቂያ፣ ከ10 ሺሕ ዓመታት በፊት ገደማ፣ በበረዶ ግድብ ታግዶ የነበረ ሰፊ ሐይቅ ግድቡን ጥሶ ሲወጣ ዐለቱን እየፈነቀለ የቀደደው ነው ይላል። ተረቱም ሳይንሱም የውኃ መንገድ በኃይል መከፈቱን መናገራቸው የሚገርም ነው። እንዲህ ባለ ገደል አፋፍ የሚያድር ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ በዙሪያው የቀዘቀዘው አየር የሚሄድበት ስላለው አጠገቡ አይጠራቀምም። ከአፋፉ በቂ ርቀት መጠበቁ ግን ሳይናገሩት የሚታወቅ ነው፤ ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰው መብራት ይዞ መውጣት እንዳለበትም እንዲሁ። በስሜን የጅንባር ፏፏቴ 500 ሜትር ያህል የሚወርድበትን ገደል ያየ ሰው ለዚህ ምክር ማብራሪያ አይጠይቅም።

እንግዲህ ከሐይቁ ዳር ሸሽቶ ወዴት መሄድ ይሻላል? ለዚህ ዛፎቹ ራሳቸው ምልክት ይሰጣሉ። እዚህ ላይ የቋንቋ ችግር አለ። አማርኛ «ጥድ» ሲል በቅድሚያ የሚያስበው የሐበሻን ጥድ ነው፤ መርፌ ቅጠል ያለውን ባዕድ ዛፍ ሁሉ ደግሞ «የፈረንጅ ጥድ» ብሎ ይጠቀልላል። ኖርዌጂያኖች ግን ሁለቱን ዋና ዛፎቻቸውን በጥብቅ ይለያሉ። አንዱ ግራን ነው፤ ከታች እስከ ላይ በጥቁር አረንጓዴ ቅርንጫፍ የተሸፈነ፣ የገና ዛፍ የሚሆነው። የኦስሎ ከተማ ከ1947 ጀምሮ በየዓመቱ ለለንደን ትራፋልጋር አደባባይ የምትልከው ዛፍ ይህ ነው። ሌላው ፉሩ ሲሆን በዓለም ዙሪያ ፓይን በሚባለው ስም ይታወቃል፤ ግንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ቀላ ያለ፣ ቅርንጫፎቹ ከአናቱ የተሰበሰቡ ነው።

ግራን እርጥብና ለም አፈር ይወዳል፤ ሥሩ ብዙ ስለማይጠልቅም ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ከነሥሩ ይገነደሳል። ፓይን ደግሞ ሌላው ዛፍ የማይፈልገውን ደረቅና ዐለታማ ጉብታ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ፓይን በርከት ብሎ የቆመበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለና ውኃ የማይቋጥር ነው፤ ቀዝቃዛው አየርም ከሥሩ አልፎ ይወርዳል። ከላይ የተዘረጋው ቅጠል ለሰማዩ የሚለቀቀውን ሙቀት በከፊል ስለሚመልስ፣ በሜዳው ላይ ያለው ድንኳን በጠል ሲረጥብ ከዛፉ ሥር ያለው ደረቅ ሆኖ ሊያድር ይችላል። ምርጡ ቦታ ነፋስ የሚመታው የጉብታው አናት ሳይሆን የተዳፋቱ ወገብ ነው፤ ከቀዝቃዛው አየር ኩሬ በላይ፣ ከነፋሱ በታች።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው ጠላት ከጀርባ በኩል ያለው መሬት ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ስሊፒንግ ባግ በሚባለው የመኝታ ከረጢት ላይ ያፈስስና ለሥሩ ማንኛውንም ስስ ስፖንጅ ያነጥፋል። ከረጢቱ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው፤ የተኛው ሰው ክብደት ደግሞ ከጀርባው ሥር ያለውን አየር ጨፍልቆ ያስወጣዋል። የተፈጥሮ ላባ ያለበት ውድ ከረጢትም በዚህ በኩል ከአንድ ነጠላ ብዙም አይሻልም።

በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የሚነጠፉ ፍራሾች ሙቀትን የመከላከል አቅማቸው አር-ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይጻፍባቸዋል፤ ከ1 እስከ 7 የሚደርሱ በገበያ ላይ አሉ። የሰው ቆዳ 33 ዲግሪ፣ መሬቱ 3 ዲግሪ፣ መሬት የነካው የሰውነት ስፋት ደግሞ ግማሽ ካሬ ሜትር ነው እንበል። ቁጥሩ 1 የሆነ ፍራሽ ወደ 85 ዋት ሙቀት ያሳልፋል። የተኛ ጎልማሳ የሚያመነጨው ሙቀት በጠቅላላው 80 ዋት አካባቢ ነው። ሰውነቱ የሚሠራውን ሙቀት በሙሉ መሬት ይጠጣዋል ማለት ነው። ቁጥሩ ወደ 4 ከፍ ሲል የሚያልፈው ወደ 21 ዋት ይወርዳል። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ገደማ በሚበልጥ ፍጥነት ያስተላልፋልና። የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ የብርድ ሕመም ይጀምራል። ለዚህ ደግሞ በረዶ መጣል የለበትም፤ ከዜሮ በላይ በሆነ አየርም እርጥብ ልብስና ደካማ ምንጣፍ ይበቃሉ። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር የቆዳ ስፋታቸው ከጎልማሳ ስለሚበልጥ ፈጥነው ይቀዘቅዛሉ። ጥሩው ፍራሽ አንድ ብቻ ከሆነ ለልጁ መሰጠት አለበት።

አያቶቻችን ቁጥሩን ባያውቁትም ነገሩን ያውቁት ነበር። የደጋ ሰው እንግዳውን ከወለሉ ከፍ ባለ መደብ ላይ፣ ጠጉሩ ባልተላጨ የበግ አጎዛ ላይ የሚያስተኛው አየር በጠጉሩ መካከል ተይዞ እንዲቆይ ነው። በሰሜን ስካንዲኔቪያ የሚኖሩት የሳሚ ሕዝቦችም በድንኳናቸው ወለል ላይ የአጋዘን ቆዳ ያነጥፋሉ፤ የአጋዘን ጠጉር ውስጡ አየር የያዘ በመሆኑ ቅዝቃዜን በመከላከል የታወቀ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስሜን ወይስ ኖርድማርካ ይበርዳል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በሐምሌ ከሆነ ጥያቄው አከራካሪ አይደለም። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ያለ ሲሆን ውኃ በ88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ሽሮ እንኳ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ልዩነት የሚፈጥረው ግን የሌሊቱ ርዝመት ነው። በታኅሣሥ በስሜን ሌሊቱ ከ12 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ሰማዩ ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ መሬቱ ያለማቋረጥ ሙቀት ይለቃል። በኦስሎ ደግሞ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ ጠልቃ የምትቆየው ከ5 ሰዓት ጥቂት ላለፈ ጊዜ ብቻ ነው። መሬቱ ቀዝቅዞ ሳይጨርስ ይነጋል።

ብርድ ሲበረታ እጅ ወደ እሳት ይሄዳል፤ ከብርዱ የከፋው አደጋ ያለውም እዚህ ነው። በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ዜና በአገር ቤት እንግዳ አይደለም። ድንኳን ከዝግ ክፍል ያነሰ አየር የሚይዝ ቦታ ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥንካሬ ነው። ነበልባሉ የጠፋ የሚመስል ከሰልም ይህን ጋዝ ማውጣቱን አያቆምም። ለቡና ተብሎ የተቀጣጠለ ከሰል፣ የጋዝ ምድጃም ሆነ የሚጣል የሥጋ መጥበሻ ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ መሞቂያ ተብሎ ደጃፉ ላይም አይተውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ወጥቶ 113 ይደውላል። ደን ከተቀጣጠለ የእሳት አደጋው ቁጥር 110 ነው።

ደኑም የራሱ ሕግ አለው። በኖርዌይ ከሚያዝያ 15 እስከ መስከረም 15፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በደን ውስጥና አጠገብ እሳት ማንደድ በአጠቃላይ የተከለከለ ነው። የሚፈቀደው እሳቱ ደኑን ሊያቀጣጥል እንደማይችል ግልጽ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው። በ2018ቱ የድርቅ በጋ ደቡብ ኖርዌይ በብዙ የደን ቃጠሎ ተፈትናለች። ስሜንም በ2019 በእሳት ሲያያዝ አስታው ተቃጥሏል፤ ቃጠሎውን ለማጥፋት ከኬንያና ከእስራኤል ሳይቀር እርዳታ መጥቷል። ፓይን የሚወደው ደረቅ ጉብታ ለመኝታ እንደሚመች ሁሉ ለእሳትም ይመቻል፤ የወደቀው መርፌ ቅጠል እንደ ጭድ ይያያዛል፤ በቀጭኑ አፈር ውስጥ የገባ ፍምም ሳይታይ ቆይቶ ሊያገረሽ ይችላል።

እገዳው መስከረም 15 ሲያበቃ የኦስሎ ሌሊት ከ11 ሰዓት በላይ ረዝሟል፤ በሐይቆቹ ዳርም ጥርት ባሉ ሌሊቶች ውርጭ መታየት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ደን የሚገባ ሰው ቁጥሩ ከፍ ያለ ፍራሽ፣ ደረቅ ቅያሪ ካልሲና ከሐይቁ ሽቅብ ለመውጣት የሚበቃ የቀን ብርሃን ያስፈልገዋል።