የአመጋገብ ድረ ገጽ ስለ አንባቢው ምን ያውቃል? ስለ ኩኪና ስለ ግል ዳታ ጥበቃ የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ



የዛሬው ገለጻዬ ሰው ስለ ምግብ በድረ ገጽ ሲያነብ ትቶት ስለሚሄደው ዱካ ነው። መከራከሪያዬ አጭር ነው፦ ሰው ስለ ምግብ የሚያነበው ነገር ስለ ጤናው ይናገራል፤ ስለዚህ የአመጋገብ ድረ ገጽ ባለቤት እንደ ጤና ባለሙያ ምስጢር ጠባቂ መሆን አለበት።

ከራሳችን አካባቢ ልነሣ። በ1993 ዓ.ም. በሐዲያ፣ በባዳዋቾ ወረዳ፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ 170 ልጆች ሆስፒታል ሳይተኙ በተመላላሽነት ታክመው 144ቱ አገገሙ። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። የልጆቹ ክብደት ባይመዘገብ ኖሮ ይህ ማስረጃ አይገኝም ነበር። ስለሆነም መረጃ መሰብሰብ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ለዓለም የተነገረው ቁጥሩ እንጂ የልጆቹ ስም አልነበረም።

አሁን ወደ ኩኪ እንምጣ። ድረ ገጾች የሚላኩበት የኤችቲቲፒ ሥርዓት በባሕርዩ ትውስታ የለውም፤ አንድ ገጽ የከፈተ ሰው ሁለተኛውን ሲከፍት እንደ አዲስ እንግዳ ይቆጠራል። ይህን ችግር ለመፍታት በ1994 እ.ኤ.አ. የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪን ፈጠረ። ኩኪ ሰርቨሩ በጎብኚው ብራውዘር ውስጥ የሚያስቀምጠው አጭር ጽሑፍ ነው፤ ብራውዘሩም ወደዚያው ገጽ በተመለሰ ቁጥር ይዞት ይቀርባል። በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሚሰጠንን ቁጥር ይመስላል። በቁጥሩ ላይ ሕመማችን አልተጻፈም፤ ማኅደራችን የሚወጣው ግን በዚያ ቁጥር ነው።

ኩኪዎችን በአገልግሎታቸው በሦስት ልንከፍላቸው እንችላለን። የመጀመሪያዎቹ ለአገልግሎቱ አስፈላጊ ናቸው፤ ለምሳሌ የመረጥነውን ቋንቋ ያስታውሳሉ። ሁለተኛዎቹ የትኛው ገጽ ስንት ጊዜ እንደተነበበ ይቆጥራሉ። ሦስተኛዎቹ የሌላ ድርጅት፣ በተለይም የማስታወቂያ አቅራቢዎች ናቸው። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት በብዙ ሺህ ገጾች ላይ ስለሚገኝ፣ አንባቢውን ከገጽ ወደ ገጽ እየተከተለ ማኅደሩን ያደልባል።

«ስለ ቆጮና ስለ ጎመን ማንበብ ምን ምስጢር አለው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አንዲት ሴት በዱራሜ ተቀምጣ፣ እርግዝናዋን ለማንም ሳትናገር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሚበላ ምግብ ታነባለች እንበል። ሌላው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለሚስማማው አመጋገብ ይፈልጋል። ስማቸውን አልጻፉም፤ ያነበቧቸው ገጾች ግን ስለ እነርሱ ብዙ ይናገራሉ። ሥጋቱ የሐሳብ ብቻ አይደለም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን፣ ፍሎ የተባለው የወር አበባ መከታተያ መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል የመረጃ ትንተና አገልግሎቶች አሳልፏል ብሎ ከሶት ጉዳዩ በስምምነት ተቋጭቷል።

በሆሳዕና፣ በሾኔና በዱራሜ ጉዳዩ ሌላ ገጽታም አለው። አንድ ስልክ በወንድምና በእህት እጅ ይዞራል፤ የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተርም የብዙዎች ነው። ኩኪ የሚያውቀው መሣሪያውን ነው፤ ሰውየውን አይለይም። እህት ያነበበችው ለወንድም ማስታወቂያ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ምስጢሩ ባሕር ሳይሻገር፣ እዚያው ቤት ውስጥ ይገለጣል።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ሚስጥራዊ መረጃዎች ይመድባል፤ ቁጥጥሩንም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2019 እ.ኤ.አ. አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ እንደማይባል ወስኗል። እኔ ከዚህ አንድ እርምጃ እሄዳለሁ፦ አንባቢው በማያነበው ቋንቋ በቀረበ ማስታወቂያ ሥር «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን በሩን ለማለፍ የተደረገ እንጂ ፈቃድ አይደለም።

ከእናንተ መካከል ነገ የአመጋገብ ድረ ገጽ የሚሠሩ ይኖራሉ። ለእነርሱ አራት ምክር አለኝ። ለሥራው የማያስፈልግ መረጃ አትጠይቁ፤ ያልተሰበሰበ መረጃ አይሰረቅም። የሌላ ድርጅት ኩኪ አንባቢው ሳይፈቅድ አይቀመጥ፤ «አልፈቅድም» የሚለው ቁልፍም ከ«እፈቅዳለሁ» እኩል ይታይ። ማብራሪያው በአማርኛ፣ በሐዲይሳና በከምባትኛ ይጻፍ። መረጃው ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይነገር፤ ጊዜው ሲያበቃም ይሰረዝ። አንባቢ የሆናችሁ ደግሞ የጋራ መሣሪያ ስትጠቀሙ ስውር የብራውዘር መስኮት ክፈቱ፤ ስትጨርሱም ዝጉት። ይህ በመሣሪያው ላይ የሚቀረውን ዱካ ይቀንሳል፤ ድረ ገጹ ከሚያየው ግን አይሰውርም።

በባዳዋቾ የልጆቹን ክብደት የመዘገበው ሰው ስለ ምን እንደሚመዘግብ ያውቅ ነበር። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰውም ስለሚያስቀምጠው እያንዳንዱ ኩኪ «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ ለአንባቢው በሚገባ ቋንቋ መመለስ ይገባዋል። መመለስ ካቃተው ኩኪውን ይተወው።