የተበታተነው የኵላሊት መዝገብ

ጥርስ ሲታመም እንቅልፍ ይነሣል፤ ሆድ ሲታመም ያስጮኻል። ኵላሊት ግን ከሥራው ብዙውን እጅ እስኪያጣ ድረስ ባለቤቱን ሳያስታውቅ ሊቈይ ይችላል። ሐኪም ድካሙን የሚያውቀው ከጡንቻ የሚወጣውን፣ ኵላሊትም ሊያጣራው የሚገባውን ክሬአቲኒን የተባለ ነገር በደም ውስጥ ለክቶ ነው። ነገር ግን አንድ ልኬት አይበቃም፤ ምልክቱ ከሦስት ወር በላይ ጸንቶ ካልታየ ሕመሙ ሥር ሰደደ አይባልም። እኛም በመምህርነታችን በአንድ ፈተና ብቻ ልጅን ሰነፍ ነው ማለት እንደማይገባ እናውቃለን።

ታዲያ ሰው የመጀመሪያውን ምርመራ በአንድ ሐኪም ቤት፣ ሁለተኛውን በሌላው ቢያደርግ፣ ሁለቱን ወረቀት ጐን ለጐን አድርጎ የሚያይ ማን ነው?

በስዊድን አገር ለዚህ የረዳው የቈየ የመዝገብ ልማድ ነው። ከ1686 የቤተ ክርስቲያን ሕግ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የየአጥቢያው ቄስ የተወለደውን፣ ያገባውንና የሞተውን ይጽፍ ነበር፤ ይህ ሥራ ወደ ግብር መሥሪያ ቤት የተላለፈው በ1991 ነው። በ1947ም ለያንዳንዱ ነዋሪ ዕድሜውን ሙሉ የሚከተለው ቍጥር ይሰጥ ጀመር። በዚህ ቍጥር አማካይነት የካሮሊንስካ ኢንስቲቲዩት ሊቃውንት በስቶክሆልም ከ2006 ወዲህ የተደረጉትን የክሬአቲኒን ልኬቶች ከሐኪም ቤት፣ ከመድኃኒትና ከሞት መዝገቦች ጋር አገናኙ። የሰዎቹ ማንነት ግን እንዲሰወር ተደርጓል።

በ2016 የታተመው ጥናት ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ልኬት መረመረ። ሕመሙ እንዳለባቸው ልኬታቸው ከመሰከረባቸው ከ100ው ሰዎች መካከል የበሽታው ስም በመዝገባቸው ተጽፎ የተገኘው የ12ቱ ያህል ብቻ ነበር። ምናልባት ሐኪሙ ቍጥሩን አይቶ ስሙን ሳይጽፍ ቀርቶ ይሆናል። ይሁን እንጂ ያልተጻፈውን ተከታዩ ሐኪም አያነበውም። ኵላሊቱ የደከመ ሰው እንደ ኢቡፕሮፌን ካለው የሕመም ማስታገሻ መጠንቀቅ አለበት፤ በኵላሊት በኩል የሚወጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ልካቸው ሊቀነስለት ይገባል። ደሙ ተቀድቶ፣ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ ሳለ ይህን ሳይነገረው ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ያሳዝነናል።

መዝገቡ ሁሉን ያሳያል ማለት ግን አይደለም። የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ የታመመ ወይም ያረጀ ሰው ስለ ሆነ፣ ከሐኪም ፊት ቀርቦ ደሙን ያላስመረመረው ሰው ልኬት በዚያ አይገኝም።