«ተመችቶሃል!» ድብርትና አልቀንስ ያለ ክብደት

ሐሳብ ያከሳል ሲባል ነው ያደግነው። እኔን ግን አወፈረኝ።

ለሥራ አይሻ ከተማ በገባሁ በ8ኛው ወር ለበዓል ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። እናቴ በር ላይ ሽቅብ ቁልቁል አየችኝና «እሰይ የኔ ልጅ፣ ተመችቶሃል!» አለች። ጎረቤቱም ተቀበላት። እኔ ግን ያን ሰሞን ጠዋት ከአልጋ መነሳት ተራራ መግፋት ሆኖብኝ ነበር፤ ስልኬ እየጠራ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ከስቼ ቢሆን «ምን ነካህ?» የሚለኝ አላጣም። የወፈረን ሰው ማን ከፍቶታል ይላል?

ክብደት ለመቀነስ ሦስቴ ሞክሬያለሁ። እራት ተውኩ፤ ፓስታና ሩዝ ተውኩ። ከ4 ቀን አያልፍም። ከዚያ ራሴን እሰድባለሁ፤ ስድቡ ሲከብደኝ መልሼ እበላለሁ።

ነገሩ የገባኝ ድሬዳዋ አንዲት የአእምሮ ጤና ባለሙያ 9 ጥያቄዎች ስትጠይቀኝ ነው። በብዙ አገር ድብርትን ለመለየት የሚያገለግል፣ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከት መጠይቅ ነው። 5ኛው ጥያቄ ስለ ምግብ ነው፦ ፍላጎት መጥፋት ወይም ከልክ በላይ መብላት። ሁለቱም በአንድ መስመር!

ከዚያ ወዲህ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

1. አንዱ ሌላውን ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሆላንድ ተመራማሪዎች 15 ጥናቶችን አሰባስበው ከ58 ሺህ በላይ የሚሆኑ ሰዎችን መረጃ አዩ። ከልክ በላይ የወፈሩ ሰዎች በኋላ ድብርት የሚይዛቸው ዕድል በ55 በመቶ፣ ድብርት ያለባቸው ሰዎች ከልክ በላይ የሚወፍሩበት ዕድል ደግሞ በ58 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ።

2. እንቅልፍ። እንቅልፍ ሲጎድል ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል፤ ጥጋብን የሚናገረው ይቀንሳል። የቆየ ጭንቀት ደግሞ ጣፋጭና ቅባት ያስመኛል። በዚያ ላይ ድብርት እግር ያስራል፤ የበላነውን የምናቃጥልበት እንቅስቃሴ የለም።

3. በርጫ። «ጫት ያከሳል» ብዬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት ሆድ ይዘጋል፣ ምርቃናው ያስረሳል። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ሸለብ ሲያደርግም ዱካክ አለ። ምርቃናው ሲበርድ የተዘጋው ሆድ ይከፈታል፤ ንጋት ላይ ድብርቱ ብሶ ይጠብቃል።

4. ሻህ (ሻይ)። በብርጭቆ 3 ማንኪያ ስኳር፣ በቀን 6 ብርጭቆ፤ 18 ማንኪያ። ማንኪያው 4 ግራም ቢይዝ 72 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ ይመክራል። ግን ሻሁን ልተው አልቻልኩም፤ ቀኑን ሙሉ በስሜ የምትጠራኝ ሻህ ሻጯ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ስኳሩን ቀነስኩ እንጂ ቤቱን አልተውኩም። «ወላል (ወንድሜ)፣ ታመምክ እንዴ?» አለችኝ 1 ማንኪያ ስላት። በ8 ወር ውስጥ እንዲያ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት።

5. ምርመራ። የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲዳከም ድብርትም ውፍረትም ሊያመጣ ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ክብደት ይጨምራሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

እኔ የጀመርኩት ከምግቡ ሳይሆን ከእንቅልፉ ነው። ጫቱን አቆምኩ። ማለዳ 12 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል 30 ደቂቃ እራመዳለሁ። መጀመሪያ የመጣው ለውጥ ስልክ ማንሳቴ ነው። ሚዛኑ የተነቃነቀው በ3ኛው ወር ነው።

2 ሳምንት ሙሉ የከፋችሁ፣ የምትወዱት ነገር ያስጠላችሁ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ ለሰው ተናገሩ። የወፈረ ወዳጃችሁንም «ተመችቶሃል» ከማለታችሁ በፊት «እንቅልፍ እንዴት ነው?» በሉት።