ሁለተኛ ባለቤት ያገኘ ማሽን፣ የሚግል ስፒንድል

በሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን ላይ ብረት የሚበላውን መቁረጫ ጨብጦ የሚሽከረከረው ዘንግ ስፒንድል ይባላል። ከጃፓን ወይም ከአውሮፓ ያገለገለ ማሽን ያስመጣ ወርክሾፕ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ድንጋጤ የሚቀምሰው ከዚሁ ዘንግ ነው። ስፒንድሉ ይግላል፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል።

ወዲያው “ኩሽኔታው አልቋል” ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ቢሆንም ስፒንድሉን ማውረድ የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። በቀድሞ ባለቤቱ ዘንድ ደኅና ሲሠራ የኖረ ማሽን እዚህ መጥቶ መጋል ከጀመረ፣ አስቀድሞ የሚጠየቀው በመካከል ምን ተለወጠ የሚለው ነው። የተለወጠው ደግሞ ጥቂት አይደለም፤ መብራቱ፣ አየሩ፣ ሳይሠራ የቆመበት ዘመን።

ሙቀት ሁሉ በሽታ አይደለም። በፍጥነት የሚዞር ኩሽኔታ መሞቁ አይቀርም፤ ከክፍሉ ሙቀት 15 ወይም 20 ዲግሪ ከፍ ብሎ እዚያው የረጋ ስፒንድል በአብዛኛው ጤነኛ ነው። እርግጥ ጤነኛው ሙቀትም ልኬት ያዛባል፤ 300 ሚሊሜትር የሚረዝም የብረት ዘንግ 20 ዲግሪ ሲሞቅ 0.07 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ጥሩ ባለሙያ ጠዋት ማሽኑን አሙቆ ሥራ የሚጀምረው ለዚህ ነው። የሚያሳስበው አንድ ሰዓት አልፎት እንኳ መውጣቱን የማያቆም ሙቀት ነው።

አልረጋ የሚልበት ምክንያት ከኩሽኔታው አገጣጠም ይመጣል። የስፒንድል ኩሽኔታ እንደ ተራው ልል ሆኖ አይገጠምም። ኳሶቹ ቀለበቱን በሰያፍ፣ ብዙውን ጊዜ በ15 ወይም በ25 ዲግሪ ማዕዘን ይነኩታል፤ ኩሽኔታዎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ ተጫጭነው ይታሰራሉ። ፕሪሎድ የሚባለው ይህ ጫና ነው፤ ዘንጉ እንዳይወዛወዝ የሚያደርገውም እሱ ነው። ታዲያ ስፒንድሉ ሲዞር የውስጡ ቀለበት ከውጩ ቀድሞ ይግላል። የውጩን ያቀፈው ወፍራም ብረት ሙቀቱን ወደ ውጭ ያወጣለታል፤ ለውስጡ ግን ይህን ያህል ማምለጫ የለውም። የጋለው ቀለበት ሲሰፋ ጫናው ይጨምራል፣ ጫናው ሰበቃን፣ ሰበቃው ደግሞ መልሶ ሙቀትን ይወልዳል። ይህ ዙር ከተያያዘ በኋላ ጤነኛ ኩሽኔታም አይተርፍም። ስለዚህ ሙቀቱ ስንት ደረሰ ከሚለው ይልቅ እንዴት እየወጣ ነው የሚለው ብዙ ይናገራል። በየ5 ደቂቃው በወረቀት መመዝገብ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በፊት የሚመጣ ምርመራ ነው። የሌዘር ቴርሞሜትር የሚጠቀም ሰው በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ቢያነጣጥር ንባቡ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይወጣበታል፤ የሚለካው ቦታ ላይ ጥቁር ናስትሮ መለጠፍ ይበቃል።

ቀጥሎ የሚጣራው የጋለው የቱ እንደሆነ ነው። የፋኑክ መቆጣጠሪያ ባላቸው ማሽኖች ላይ ኤስፒ 9001 የሚለው ማንቂያ የስፒንድሉ ሞተር ጋለ ማለት ነው፤ ስለ ኩሽኔታው አንድም ቃል አይናገርም። በቺንጋ በሚዞሩ ብዙ ማሽኖች ላይ የኩሽኔታን ሙቀት የሚለካ ነገር ጭራሽ የለም። በሞተር ማንቂያ ኩሽኔታ የሚያስለውጥ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ይጥላል። ማንቂያው ጠዋት፣ ሁሉም ነገር ቀዝቃዛ ሳለ ከመጣ ደግሞ የሚጠረጠረው የሙቀት መለኪያው ራሱ ወይም ሽቦው ነው።

ሞተሩ እውነት ከጋለ ወደ ማራገቢያው መሄድ ነው። ከዘይትና ከአቧራ የተሠራ ጭቃ ሊደፍነው ይችላል፤ ይህ ተራ ነገር ነው። ተንኮለኛው ሌላ ነው። በብዙ ማሽኖች ላይ የሞተሩ ማራገቢያና የማቀዝቀዣው ፓምፕ በቀጥታ በስሪ ፌዝ መስመር ይሠራሉ። ማሽኑ አዲስ ቦታ ሲተከል የፌዞቹ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ሁለቱም ወደ ኋላ ይዞራሉ። ማራገቢያው ይጮኻል፣ ፓምፑም ይንቀጠቀጣል፤ አየሩና ዘይቱ ግን በሚገባ አይንቀሳቀሱም። ስፒንድሉ መብራት የሚያገኘው በኢንቨርተር በኩል ስለሆነ በትክክለኛው አቅጣጫ ይዞራል፣ ስለዚህም ማንም ምንም አይጠረጥርም። መፍትሔው መብራት አጥፍቶ በዋናው መግቢያ ላይ ሁለት ፌዝ ማቀያየር ነው፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የደቂቃዎች ሥራ።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር አለ። የሞተር አምራቾች የሚጽፉት ኃይል በተለመደው ደረጃ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ የሚሠራ ነው። ከተማው 2,300 ሜትርን ያልፋል፤ አየሩም ከባሕር ጠረፉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ በመሆኑ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ኦሳካ አጠገብ ቀኑን ሙሉ በሙሉ ጭነት ይሠራ የነበረ ሞተር እዚህ ያን ያህል ቢጫን መጋሉ አይገርምም። ጭነቱን መቀነስ እንጂ መጠገን አያድነውም።

አፍንጫው፣ ማለትም መቁረጫው የሚገባበት ጫፍ ከጋለ ግን ነገሩ ወደ ኩሽኔታው ይቀርባል። አሁንም አትቸኩሉ። ለዓመታት የቆመ ማሽን ውስጥ ግራሶው ዘይቱን ለቆ ይደርቃል ወይም ወደ አንድ ወገን ይከማቻል። በሙሉ ፍጥነት ማስነሣት ለኩሽኔታው ትልቁ በደል ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ፣ ሙቀቱ ወጥቶ እስኪረጋ ጠብቆ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ መጨመር ይገባል። አዲስ ግራሶ የሚጨምር ሰው ደግሞ እጁን ይሰብስብ፤ ለፈጣን ስፒንድል የሚበቃው በኩሽኔታው ውስጥ ካለው ባዶ ቦታ 15 በመቶ ገደማ ነው። ትርፉ እየተቦካ ሙቀት ይፈጥራል። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋም የላይኛውን ኩሽኔታ ያሰቃያል። ቺንጋውን አውልቆ ዘንጉን በእጅ ማዞር ነው፤ ሻካራ ወይም የሚደናቀፍ ከሆነ፣ ካቻቢቴ በስፒንድሉ አካል ላይ አስደግፎ ሲያዳምጡም ጠጠር የሚፈጭ ድምፅ ከተሰማ፣ ያን ጊዜ “ኩሽኔታው አልቋል” ማለት ይቻላል። ከኮምፕሬሰር የሚመጣ እርጥብ አየርና ሰርጎ የገባ ኩላንት ዋነኞቹ ገዳዮቹ ናቸውና ምንጫቸውን ሳይዘጉ አዲስ መግጠም አይረባም።

ገና ላልገዛ ሰው የሚበጀው ሻጩን “ከመምጣቴ በፊት አታስነሣው” ብሎ መለመን ነው። ስፒንድሉ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ በመካከለኛ ፍጥነት አንድ ሰዓት ሲዞር ቆሞ ማየት፣ አፍንጫውንና ሞተሩን እየለኩ መመዝገብ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ፣ ከሚጠራው ዋጋ ላይ የአንድ ሙሉ የስፒንድል ጥገና ወጪ ተቀንሶ ድርድር ይጀመር።