የሐበሻ ጎመንና የተመረዘ አፈር

ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ ጉለሌ የሚወርዱት ቀጨኔን የመሳሰሉ ወንዞች ከምንጫቸው ሲነሡ ንጹሕ ናቸው። መሀል አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አቃቂ ሲዘልቁ ግን የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የባትሪና የቀለም ዝቃጭ ይቀላቀልባቸዋል። ያንኑ ውሃ በከተማዋ ደቡብ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይጠጣሉ። በአቃቂ ዳርቻ አፈርና አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ክሮሚየም፣ ካድሚየም፣ እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች መኖራቸውን ደጋግመው አሳይተዋል።

ከባድ ብረት እንደ ሌላው ቆሻሻ በጊዜ ብዛት አይበሰብስም። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፤ ከአፈሩ ማውጣት ወይም እዚያው አስሮ ማስቀረት። ለሁለቱም እጽዋት ይረዳሉ።

ማውጣት የሚቻለው ብረቱን በሥራቸው ስበው በቅጠላቸው በሚያከማቹ እጽዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ በሆነ ጥናት፣ አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ በእንጨት ማከሚያ ኬሚካል በተበከለ ቦታ ላይ አርሴኒክን በብዛት የሚሰበስብ የፈርን ዝርያ ተገኝቷል። የጎመን ወገኖችም በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። መገኛዋ ኢትዮጵያ የሆነችው፣ ዘሯን ጎመን ዘር የምንላት የሐበሻ ጎመን ሳትቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በስፔን አዝናልኮያር የማዕድን ዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ በበከለው መሬት ላይ ተሞክራለች። ለእኛ ይህ ማስጠንቀቂያም ነው፦ አፈር ታጸዳለች ተብላ የምትፈተነው ተክል ወጥ የምትሆነን ናት።

ዘዴው ግን ዝግተኛ ነው። በብዙ የተበከለ መሬት ዓመታትን፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታትን ይጠይቃል። የታጨደው ቅጠል ለከብት አይሰጥም፣ ለማገዶም ለኮምፖስትም አይሆንም፤ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ተለይቶ መወገድ አለበት።

ማሰር በብዙ ቦታ የተሻለ ያዋጣል። ካድሚየም፣ ዚንክና እርሳስ በአሲዳማ አፈር ውስጥ በቀላሉ ይሟሟሉ፤ የተሟሟውን ደግሞ ሥር ይስበዋል። የደጋ ገበሬዎቻችን አሲዳማ ማሳ የሚያክሙበት ኖራ አሲዱን ሲቀንሰው ብረቶቹ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። ኮምፖስትም ብረት ይይዛል፤ መርዛማውን የክሮሚየም ዓይነት ጉዳቱ ወዳነሰው እንዲለወጥም ያግዛል። የከሰል ዱቄትም ብረትን ይዞ በማቆየት ይረዳል። ይሁንና አንዱ መድኃኒት ለሁሉም አይሠራም፤ አርሴኒክ ባለበት አፈር ኖራ መጨመር መርዙን ሊለቀው ይችላል። ሳይመረመር የሚታከም አፈር የለም።

በታከመው አፈር ላይ የማይበላ ተክል ይተከላል። ቬቲቨር ሳር እስከ ሦስት ሜትር የሚጠልቅ ሥር አለው፤ አብዛኛውን ብረት ወደ ቅጠሉ ሳያወጣ ሥሩ ላይ ያስቀረዋል፤ ጎርፍም አፈሩን እንዳያጥበው ያግዳል። ወደ ኢትዮጵያ ከገባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጅማ አካባቢ በቡና ማሳዎች ተለምዷል።

አዝናልኮያር ላይ የተሠራውም ይህንኑ ቅደም ተከተል የያዘ ነበር። መጀመሪያ ዝቃጩ ተጠርጎ ተነሣ፤ ቀጥሎ ከስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኖራና የተፈጥሮ ማዳበሪያ ተጨመረ፤ በመጨረሻ ዛፍ ተተከለ። ከ4,000 ሄክታር በላይ የሆነው መሬት ወደ እርሻ አልተመለሰም፤ ጥብቅ አረንጓዴ ስፍራ ሆነ።

አዲስ አበባም ከዚህ የምትማረው አለ። ፍሳሹ ሳይቆም የሚተከል ሳር ድካም ብቻ ነው። ፍሳሹ ከቆመ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ለወንዝ ዳር የሚሆኑ አገር በቀል ችግኞችን የማፍላት አቅም ሊኖረው ይችላል።

እስከዚያው በጋራዥ ጥግ ወይም በፍሳሽ ዳር ጎመን የምትተክሉ ሁሉ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ማጠብ በቅጠሉ ላይ ያለውን አቧራ እንጂ ውስጡ የገባውን ብረት አያስለቅቅም። አፈራችሁን አስመርምሩ፤ ካልሆነም ቦታውን ለአበባና ለዛፍ ተዉት።