ሳይቆረጥ የሚታየው የሰውነት ክፍል

ሐኪም ቢላዋ ሳያነሳ የደም ሥርንና ነርቭን በአንድነት በቀጥታ ሊያይ የሚችልበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ይኸውም በዓይን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተነጠፈው ሬቲና ነው። ይህን በር የከፈተው ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ኦፍታልሞስኮፕ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት እርምጃዎች ሁለቱን እናንሳ።

በ1961 በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች የነበሩት ኖቮትኒና አልቪስ፣ ፍሉረሲን የተባለውን ቀለም በክንድ ደም ሥር ሰጥተው በሬቲና ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ፎቶግራፍ ማንሳታቸውን አሳተሙ። መጀመሪያ የተወጋው አልቪስ ራሱ ነበር። የቱ ሥር እንደ ተዘጋ፣ የቱ እንደሚያንጠባጥብ ከዚያ በኋላ በፎቶግራፍ ሊለይ ቻለ።

ሁለተኛው በ1991 ፉጂሞቶና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ኦ.ሲ.ቲ. ነው። የጽሑፉ ቀዳሚ ደራሲ ዴቪድ ሁዋንግም ያን ጊዜ ተማሪ ነበር። አሠራሩ የገደል ማሚቶን ይመስላል። ድምፅ ገደሉን መትቶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ርቀቱን ይነግረናል። ብርሃን ግን እጅግ ፈጣን በመሆኑ በሰዓት አይያዝም። ስለዚህ ጨረሩ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ዓይን፣ ሌላው ወደ መስተዋት ይላካል። ሁለቱ ተመልሰው ሲገናኙ የሚፈጥሩት መልክ ብርሃኑ ከየትኛው ጥልቀት እንደ ተመለሰ ይገልጻል። በዚህም ሩብ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሬቲና በየንብርብሩ ተለይቶ ይታያል።

ጥቅሙ ከባድ ነው። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም፤ መሣሪያው ግን በሽተኛው ጉድለቱን ሳያውቀው የነርቭ ክሮች መሳሳታቸውን ይለካል። በስኳር በሽታም ሬቲናው ውኃ ሲቋጥር ያሳያል።

ይሁን እንጂ ራሳችንን መሂስ ይገባናል። ማሽኑ አጠገባችን ስላለ በእጅ የሚያዘውን ኦፍታልሞስኮፕ ችላ ብለናል። ሕትመቱን እናነባለን እንጂ ዓይኑን አናይም። ወደ አገራችን ስንመለስ ግን ከገጠር የመጣው የስኳር በሽተኛ ኦ.ሲ.ቲ. በሌለበት ጤና ጣቢያ፣ ምናልባትም መብራት በጠፋበት ቀን ይጠብቀናል። በዚያን ሰዓት የሚያገለግለን በኪሳችን ያለው መሣሪያና የሠለጠነ ዓይናችን ነው። በጊዜ አይተን ወደ ስፔሺያሊስት ካልላክነው፣ የተራቀቀው ማሽን በኋላ የሚለካለት ጥፋቱን ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ጓዶች፣ አዲሱን እንማር፤ የ1851ዱንም ከእጃችን አንጣል።